ማን ይጠግነዋል? ስለ ትንሿ ኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና ምርጫ

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረቡት አጀንዳዎች መካከል ብዙ ሰዓት የፈጀው የሒሳብ ሪፖርቱ አልነበረም፤ የአመራር ምርጫውም አልነበረም። ብዙ ሰዓት የፈጀው አገር ቤት ላሉ የራዲዮ ክበብ ተማሪዎች ልንልካቸው ባሰብናቸው ሦስት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ ምን ዓይነት ስርዓተ ክወና ይጫን የሚለው ጥያቄ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የተጀመረው ክርክር እኩለ ሌሊት ደርሶ ያለ ውሳኔ ተበተነ። ደረጃውን ስንወርድ አንድ ወንድማችን «መዳፍ ለማትሞላ ዕቃ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንድነው?» ሲል ሰማሁት። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎም ለሁላችን የቀረበ መልስ ነው።

የእኔ እምነት ጭቅጭቁ በዛ የሚል አይደለም። እንዲያውም ዋናውን ጥያቄ ሳንነካው ነው የተበተንነው። ያን ሌሊት ሁላችንም የተከራከርነው «የትኛው ይሻላል?» እያልን ነበር። አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው መልኩን፣ ሌላው የለመደውን አነሣ። «መሣሪያው ከእጃችን ከወጣ በኋላ በተበላሸ ቀን ማን ይጠግነዋል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም ከዝምተኞቹ አንዱ ነበርኩ። ስለሆነም ያን ዕለት ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለማታውቁት ወገኖች

አማተር ራዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርትና ለሙከራ ሲባል፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ ለዚሁ በተመደቡ ሞገዶች ከሌሎች ባለፈቃዶች ጋር መገናኘት ነው። የአገራችን የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ የሳዑዲ ዓረቢያው በ«ኤችዜድ»። በአዲስ አበባ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ይባላል። ከኢትዮጵያ የሚሰሙ ጣቢያዎች ጥቂት በመሆናቸው በሌላው ዓለም ያሉ አማተሮች ይህን ምልክት በጉጉት ያድኑታል። ተማሪዎች የሚሠለጥኑበትም ጣቢያ ነው።

ቀደም ሲል በአጭር ሞገድ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የሞርስ ኮድ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በ2003 በተደረገው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ ግዴታው ተነሥቶ ለየአገሩ ምርጫ ተተወ። ዛሬ ሠልጣኝ ጆሮ ይሠራው ከነበረው ሥራ ብዙውን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆኑት ጆ ቴይለር ከስቲቭ ፍራንክ ጋር በ2017 ያወጡት «ኤፍቲ8» የተባለው የመልእክት ስልት፣ ለጆሮ ጨርሶ የማይሰማ ደካማ ምልክት ከጫጫታ ውስጥ ለይቶ ያነባል። እያንዳንዱ መልእክት የ15 ሰከንድ ተራ አለው። ላኪውና ተቀባዩ ተራውን እንዳይስቱ የሁለቱም ሰዓት ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህችን የሰዓት ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ትንሿ ኮምፒዩተር የምላችሁ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ነው። በ2012 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ሰዎች ለተማሪ በሚቀመስ ዋጋ ተሠርታ ወጣች። በተለመደ ሥራ ላይ ከ10 ዋት በታች ስለምትበላ በአንዲት የፀሐይ ሰሌዳና በአንድ ባትሪ ትንቀሳቀሳለች። የራሷ ሐርድ ዲስክ የላትም፤ ስርዓተ ክወናዋም ፕሮግራሞቿም ማስታወሻዋም በጥፍር በምታህል ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣሉ። ጥንካሬዋም ድክመቷም ያለው እዚያው ካርድ ላይ ነው።

ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?

ለኑዝላ ሰው የመገናኛን ዋጋ መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከኅዳር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2023 በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜ፣ በሠፈራችን በእንጀራ መሸጫው ደጃፍ ስልካቸውን እንደያዙ የሚቀመጡ እናቶችን ሁላችንም አይተናል። ጅዳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ የሰዓት ልዩነት እንኳ የለንም። ለአጭር ሞገድ ይህ አንድ እርምጃ ነው፤ ምልክቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከከባቢ አየር ጫፍ አንድ ጊዜ ተንጸባርቆ ይደርሳል። ሆኖም ግን የወንድም ድምፅ አይደርስም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በስብሰባው ላይ አንዳንድ ወገኖች «ራዲዮኑ ካለን የቤተሰብ መልእክት እናስተላልፋለን» ሲሉ ተሰምተዋል። ይህን ተስፋ ለማንም እንዳንሰጥ። በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ መሠረት የአማተር ጣቢያ ለሦስተኛ ወገን ከአገር ወደ አገር መልእክት የሚያስተላልፈው በአደጋና በዕርዳታ ጊዜ ብቻ ነው። የመልእክቱን ትርጉም በምስጢር ጽሕፈት መሸፈንም ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ደግሞ እዚህም ሆነ አገር ቤት በሕግ ያስጠይቃል። ለዚህ ነው በኑዝላው ክፍላችን አንቴና የሌለው። እኛ የምንለማመደው ቀደም ብለው በተቀረጹ ድምፆች ነው፤ ፕሮግራሞቹ የተቀረጸ ድምፅ ከፍተው ልክ ከአየር እንደመጣ ሁሉ ያነቡታል። ለመማር ይበቃል።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ጥቅሙ የሰው ኃይል ላይ ነው። የሕክምና ተማሪ ስለሆንኩ ምሳሌዬንም ከሙያዬ ልውሰድ። በፔሩ አገር በአማዞን ጫካ፣ አልቶ አማዞናስ በተባለ አውራጃ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አርባ የሚጠጉ የጤና ተቋማት ስልክ አልነበራቸውም። ከስፔን የመጡ መሐንዲሶችና የአገሬው የጤና ሰዎች ራዲዮኑን ከኮምፒዩተር ጋር አጋጥመው ድምፅና የጽሑፍ መልእክት ከጤና ኬላ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አደረጉ። ኃይሉ ከፀሐይ ነበር። የመልእክቱ ስልት አማተሮች ለራሳቸው የሠሩት ነው፤ ፕሮግራሙም በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነበር። ውጤቱ ሲመዘን፣ በጠና የታመመን ሰው ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ይፈጅ የነበረው አማካይ ጊዜ ከ8 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ወረደ። ደም እየፈሰሳት ለምትጠብቅ ወላድ ሦስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ባወደመ ጊዜም የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአገሪቱን የአማተሮች ማኅበር 50 ሰው እንዲልክለት ጠይቆ ነበር። ቀይ መስቀል በዚያ ቀን ከምንም በላይ የፈለገው በእጁ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሚፈራው በክበብ ውስጥ፣ ካርድ እያበላሸና እየጠገነ ነው። ሦስቱን ኮምፒዩተሮች የምንልከው ለዚህ ነው። እንግዲህ ስርዓተ ክወናውን የምንመርጠውም በዚሁ ሚዛን መሆን አለበት።

አራቱ አቋሞች

በስብሰባው ላይ አራት አቋሞች ተንጸባርቀዋል። እያንዳንዱን በሚገባው ክብር እንየው።

አንደኛው አቋም ዊንዶውስ ነው። የዚህ ወገን ማስረጃ ቀላል አይደለም። ለአማተር ራዲዮ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች፣ አንዳንዶቹም ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ለዊንዶውስ የተጻፉ ናቸው። አገር ቤት ያለው ተማሪም የሚያውቀው እሱን ነው። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለራስፕቤሪ ፓይ ብሎ የሚያቀርበው ሙሉ ዊንዶውስ የለም። ስለዚህ ይህ አቋም በተግባር ሲታይ «ትንሿን ኮምፒዩተር ትተን አሮጌ ላፕቶፕ እንላክ» ማለት ነው። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ተተኪው 11 ብዙዎቹን አሮጌ ማሽኖች አይቀበልም። ከዚህም በላይ ፈቃድ ያልተገዛለት ቅጂ ልንጭን ነው ወይስ ልንገዛ? የመጀመሪያው ለማኅበራችን ስም አይገባም፤ ለሁለተኛው ካዝናችን አይበቃም።

ሁለተኛው አቋም፣ አማተሮች ለአማተሮች ብለው ያሰናዱት ሙሉ ቅጂ ይጫን የሚል ነው። ይህ እጅግ ያጓጓል። አንድ ፋይል ይወርዳል፣ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ኮምፒዩተሯ ስትከፈት ሃምሳ ፕሮግራም ተደርድሮ ይጠብቃል። ያሰናዱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ በትርፍ ሰዓታቸው በነጻ የሚደክሙ ስለሆኑ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የአንድ ሰው ሥራ በአንድ ሰው ዕድሜ፣ ጤናና ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሱ ሲደክመው ቅጂው ያረጃል። ፋይሉም ግዙፍ ነው፤ አዲስ አበባ ለሚኖርና ዳታ በሳንቲም ለሚገዛ ተማሪ እንደገና ማውረድ ማለት የወር ወጪ ማለት ነው።

ሦስተኛው አቋም ኡቡንቱ ነው። ከ2004 ጀምሮ የወጣ፣ በየሁለት ዓመቱ ለአምስት ዓመት የሚደገፍ እትም ያለው፣ ብዙ መጽሐፍ የተጻፈለት ስርዓት ነው። በትንሿ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል። በዚህ ወገን ላይ ከባድ ትችት የለኝም። የገጹ አቀራረብ ማስታወሻ ይበላል፤ አነስተኛ አቅም ባላት ማሽን ላይ ይህ ይሰማል። ከዚህ በቀር ልዩነታችን የወንድማማቾች ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ከአንድ እናት፣ ከደቢያን፣ የተወለዱ ናቸውና።

አራተኛው አቋም የእኔ ነው፤ ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ፣ ባዶውን። ይህ ስርዓት እስከ 2020 ራስፕቢያን ይባል የነበረው ነው። በደቢያን ላይ የተመሠረተ ሲሆን የ64 ቢት እትሙ ከየካቲት 2022 ጀምሮ በይፋ ይሰጣል። ደቢያን ደግሞ በ1993 የተጀመረ፣ ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ያልሆነ፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የሚጠበቅ ማኅበር ነው፤ 13ኛው እትሙ በነሐሴ 2025 ወጥቷል። ከእነዚህ በጎ ፈቃደኞች መካከል የአማተር ራዲዮ ፕሮግራሞችን ብቻ የሚከታተል ቡድን አለ። ኤፍቲ8ን የሚያነበው ደብልዩኤስጄቲ ኤክስ፣ ልዩ ልዩ የጽሑፍ ስልቶችን የሚያነበው ኤፍኤልዲጂ፣ ኮምፒዩተሯን የፓኬት ራዲዮ መሣሪያ የሚያደርገው ዳየርዎልፍ፣ ሳተላይት መቼ እንደሚያልፍ የሚያሳየው ጂፕሬዲክት ሁሉም በደቢያን ግምጃ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። በአንድ ትእዛዝ ይጫናሉ፤ አብረውም ይታደሳሉ።

የግል ሒስ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ባዶውን ስርዓት የመረጥኩት ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ተሳስቼ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በራሴ ተነሣሽነት አንዲት እንዲህ ያለች ኮምፒዩተር ገዝቼ፣ አማተሮች ያሰናዱትን ሙሉ ቅጂ ጭኜበት፣ አገር ቤት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር የልጅነት ጓደኛዬ በሰው እጅ ላክሁለት። አራት ወር ሠራች። ጓደኛዬ የተነበበ ነገር ባገኘ ቁጥር ፎቶ እያነሣ ይልክልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒዩተሯ መነሣት እምቢ አለች።

ስልክ ደወለልኝ። «አንተ ነህ የሠራሃት፤ ንገረኝ» አለ። እኔ ግን አልሠራኋትም። ሌላ ሰው የሠራውን ቀድቼ ነው የላክሁት። የትኛው ፕሮግራም የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ አላውቅም ነበር። በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ሆንኩ፤ አንዱን ሞክር፣ ሌላውን ሞክር አልኩት። ቅጂውን እንደገና ልናወርድ ስንል አሰናጁ ሥራውን አቁሞ ነበር፤ ያለው አሮጌው ብቻ ነው፤ እሱም ለጓደኛዬ ዳታ የሚቻል አልነበረም። በመጨረሻ «ግዴለም፣ ካርዱን ስትመጣ ታየዋለህ» ብሎኝ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት። ካርዱ አሁንም እዚያው ነው።

ይህን ታሪክ በሕክምናው ዓለም በሰፊው አውቀዋለሁ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አሳይቷል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሥልጠና ማጣት ነበር። በየሆስፒታሉ ጓሮ በሸራ ተሸፍነው የምናያቸው ማሽኖች ብዙዎቹ በክፉ ልብ የተላኩ አይደሉም። እንደ እኔ ባለ ደግ ልብና ሰነፍ እጅ የተላኩ ናቸው።

የታሪካችንም ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጣልያን ኩባንያ የተሠራ ነው። በ1935 ያቺው ጣልያን አገራችንን ልትወር ጦሯን በምታከማችበት ጊዜ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም አቤቱታቸውን ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። መሣሪያ ከማንም ይምጣ፤ በክፉ ቀን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

በሽታውና መድኃኒቱ

ከዚያ ውድቀት በኋላ በሽታውን ለይቼ ለማወቅ ጊዜ ወሰድኩ። ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው የካርዱ ነው። ኮምፒዩተሯ እየሠራች ሳለ ሁልጊዜ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ በጽሕፈቱ መካከል መብራት ከጠፋ የተጻፈው ይዛባል። ይህ የየትኛውም ስርዓት በሽታ ነው። በራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ውስጥ ግን ካርዱን ለንባብ ብቻ የሚቆልፍ አማራጭ በማስተካከያው ገጽ ላይ አብሮ ይመጣል። ከተቆለፈ በኋላ ኮምፒዩተሯ የምትጽፈውን ሁሉ በማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች፤ ኃይል ሲቋረጥ ያ ይጠፋል፣ ካርዱ ግን ሳይነካ ይቀራል። መጥፋት የሌለበት የግንኙነት መዝገብ በተለየ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነው። በ2023 የወጣችው አምስተኛዋ ትውልድ ባትሪ ከተገጠመላት ሰዓት ትጠብቃለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ግን ኃይል ሲቋረጥ ሰዓት የሚጠብቅላቸው ምንም ነገር የላቸውም፤ ሲነሡ ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓታቸው የተሳሳተ ነው፤ ሰዓቱ ከተሳሳተ ደግሞ ኤፍቲ8 ደንቆሮ ይሆናል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ነው፤ የሚከዳውም ያኔ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ባለባትሪ የሰዓት ሰሌዳ ወይም ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል የጂፒኤስ መቀበያ መግጠም።

እነዚህን ካወቅሁ በኋላ በኑዝላ ክፍላችን በሦስት ዓርቦች ባዶውን ስርዓት ጭኜ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በደብተር ላይ በአማርኛ ጻፍሁ። ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚደረግ ጭምር። ከዚያ ሙሉውን ካርድ ደመሰስሁና ደብተሩን ሊኑክስ ነክቶ ለማያውቅ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሰጠሁት። እኔ ከክፍሉ ወጣሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ላብ አጥምቆት አገኘሁት። የይለፍ ቃሉን በትክክል እየጻፈ ኮምፒዩተሯ አላስገባም ትለዋለች። ስርዓቱ የእንግሊዝ አገር ኪቦርድ አቀማመጥ ይዞ ስለሚነሣ፣ በይለፍ ቃሉ ውስጥ ያለው አንድ ምልክት ሌላ ቁልፍ ላይ ሄዶ ነበር። እኔ ይህን በልማድ አስተካክዬ ስለማልፈው በደብተሩ ላይ አልጻፍሁትም። ጻፍነው። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ተማሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ እኔ ጨረሰ፤ የተቀረጸውንም ድምፅ አስነብቦ የጥሪ ምልክቶቹ በመስኮቱ ሲደረደሩ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአራተኛው አቋም ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ባዶው ስርዓት ጠቃሚ የሆነው ባዶ ስለሆነ ነው፤ የሞላው ሰው ምን እንደሞላበት ያውቃል።

ለተቃውሞዎች መልስ

«ይህ ጊዜ ያባክናል፤ የተሰናዳው በአሥር ደቂቃ ያልቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አሥር ደቂቃው የሚቆጠረው በእኛ በኩል ነው፤ ሲበላሽ የሚባክነው ወር ደግሞ የሚቆጠረው በእነሱ በኩል። ቁጠባችን በማን ላይ እንደሆነ እንወቅ።

«ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት ተማሪውን ያስፈራዋል» የሚሉም አሉ። እኔ በአናቶሚ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ከዚህ የባሰ ፈርቻለሁ። ፍርሃት የሚወጣው በማድረግ ነው። ደግሞም በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በስልክ ሊነበብ፣ በደብተር ሊጻፍ፣ በአጭር መልእክት ሊላክ ይችላል። «በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሿን ምስል ተጫን» እያሉ በተቆራረጠ መስመር ማስረዳትን የሞከረ ያውቀዋል።

«በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩትስ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሙሉ መልስ የለኝም፤ እውነተኛ ጉድለት ነው። በአጭር ሞገድ የኢሜይል መልእክት ለማስተላለፍ ብዙዎች የሚመርጡት ቫራ የተባለው ፕሮግራም የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። በሊኑክስ ላይ በዘዴ የሚያስኬዱት አሉ፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ክበቡ ዊንዶውስ ያለበት አንድ ላፕቶፕ ካለው ለዚህ ሥራ ያቆየው። መርሐችን ለተግባር ነው እንጂ ለውበት አይደለም።

ያቀረብኩት ሐሳብ

ስለሆነም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. በሦስቱም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት የ64 ቢት ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ይጫን። ሦስቱ አንድ ከሆኑ የአንዱ ክበብ ልምድ ለሌላው መድኃኒት ይሆናል።

2. በመጀመሪያው ዓመት በደቢያን ግምጃ ቤት ያሉ ፕሮግራሞች ብቻ ይጫኑ። የተጫኑበት ፋይሎችም በፍላሽ ተቀምጠው አብረው ይላኩ፤ ዳታ የሌለው ክበብ እንዳይቸገር።

3. እያንዳንዷ ኮምፒዩተር ባለባትሪ ሰዓት ወይም ጂፒኤስ መቀበያ፣ ለመዝገብ የሚሆን አንድ ፍላሽና ሁለት መለዋወጫ ካርዶች ይኑራት። በጀቱ ካልበቃ ከሦስት ይልቅ ሁለት ኮምፒዩተር እንላክ።

4. ካርዱ ሥራው ካለቀ በኋላ ይቆለፍ፤ አቆላለፉና አከፋፈቱ በደብተሩ ይጻፍ።

5. ደብተሩ በአማርኛ ታትሞ ከኮምፒዩተሯ ጋር ይሂድ። በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ለመመለስ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ይመዝገቡ።

6. ደብተሩን ያልጻፈ ሰው ካርዱን ደምስሶ በደብተሩ ብቻ እስኪሠራት ድረስ አንዲትም ኮምፒዩተር ከኑዝላ አትውጣ።

7. ማሰራጨትን የሚመለከት ማናቸውም ነገር ፈቃድ ላለው ክበብና ለኃላፊዎቹ ይተው። እኛ የምንልከው የመማሪያ መሣሪያ ነው።

ለእኔ ከሰባቱ የማይታለፈው ስድስተኛው ነው። ስብሰባው ኡቡንቱን ቢመርጥ አልቀየምም፤ ስድስተኛው ነጥብ ከጸደቀ ኡቡንቱም ይሠራል። ስድስተኛው ከወደቀ ግን የእኔው ምርጫ እንኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ያልቃል።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ ላገኘሁት ወንድሜ አንድ ቃል። መዳፍ ለማትሞላ ዕቃ ያን ያህል መከራከራችን ትክክል ነበር፤ ከአባላት ኪስ በሪያል በሪያል የተሰበሰበ ገንዘብ ነውና። ለዚህ ገንዘብ የትርፍ ሰዓት የሠሩ፣ ምሳቸውን የተዉ አሉ። ገንዘቡ አገር ቤት ደርሶ ከአራት ወር በኋላ የሚተርፈው ካርድ ነው ወይስ ሰው? እኔ አንድ ጊዜ ካርድ ልኬ አይቼዋለሁ። በእኔ አመለካከት የማይስማማ ጓድ ተቃውሞውን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ደብተሩን አይቶ መተቸት የሚፈልግም ዓርብ ከቀትር በኋላ ይምጣና ካርዱን ይደምስስ።

አንድ የሕክምና ተማሪ
ኑዝላ፣ ጅዳ